ከዋንጫው በኋላ፦ የዳን ሃርሊ ቡድንና የተጫዋች ምልመላ (ጥያቄና መልስ)

የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን፣ በተለምዶ አጠራሩ ዩኮንን፣ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድን የሚመራው ዳን ሃርሊ በ2023 እና በ2024 የኤንሲኤኤን (የአሜሪካ ኮሌጆች ስፖርት ማኅበርን) ዋንጫ በተከታታይ አንሥቷል። ቡድኑን እንዴት እንደገነባና ከድሉ በኋላ ተጫዋች እንዴት እንደመለመለ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋንጫ ያነሣ አሠልጣኝ የፈለገውን ተጫዋች ማግኘት የሚቀለው ይመስለኛል። ታዲያ ከድል በኋላ ምልመላ ይከብዳል የሚባለው ለምንድን ነው?

መልስ፦ በር እንደሚከፈትለት አያጠራጥርም፤ ትናንት ስልክ የማያነሣለት ቤተሰብ ዛሬ ራሱ ይደውላል። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ከሚመጡት ወጣቶች አንዳንዶቹ ቡድኑን ለድል ያበቃውን ሥራ ፈልገው፣ ሌሎቹ ደግሞ ድሉን ብቻ ፈልገው የሚመጡ ሲሆን፣ ግቢውን ሊጎበኙ ሲመጡ ሁሉም የሚናገሩት አንድ ዓይነት ስለሆነ በንግግር ሊለዩ አይችሉም። ስለዚህ አሠልጣኙ ከሚቀበለው ይልቅ እምቢ ብሎ የሚመልሰው ተጫዋች ማንነት ወሳኝ ይሆናል።

የ2024ቱን ቡድን እንመልከት። ከመጀመሪያው ዋንጫ በኋላ አዳማ ሳኖጎ፣ ጆርዳን ሆኪንስና አንድሬ ጃክሰን ለቀው ወጥተዋል። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ ስመ ጥር የነበረው ስቴፎን ካስል ለዩኮን ቃሉን የሰጠው ዋንጫው ከመምጣቱ በፊት ነው። ከድሉ በኋላ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ የመጣው ዋነኛ ተጫዋች ካም ስፔንሰር ሲሆን፣ እርሱም ቀደም ሲል በባልቲሞሩ ሎዮላ፣ ቀጥሎም በራትገርስ የተጫወተ፣ በቁመትም ሆነ በፍጥነት የማያስደንቅ፣ ነገር ግን አንድ ኳስ ሲስት ሌሊቱን የማይተኛ ዓይነት ሰው ነበር። ሃርሊ የድሉን ዝና ይዞ ገበያ ወጥቶ የገዛው ይህንን ልጅ ነው። እኔ እንደማምነው የዚያ ዓመት ትልቁ ውሳኔው ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ «የቡድን ባህል» የሚባለው ነገር በግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ መፈክር በምን ይለያል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ በምንም አይለይም፤ ቃሉ ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉም አልባ ወደ መሆን ተቃርቧል። እኔ የምለካው በደቂቃ ነው፤ ማን ስንት ደቂቃ ተጫወተ፣ ጥቂት ደቂቃ ያገኘውስ ምን አደረገ?

ዶኖቫን ክሊንገን ቁመቱ ከሁለት ሜትር ከአሥራ ስምንት የማያንስ፣ እዚያው ኮኔቲከት ብሪስቶል የተወለደ ልጅ ነው። በ2023 በጨዋታ የሚያገኘው በአማካይ 13 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ከፊቱ ሳኖጎ ነበረ። ይህን ያህል ቁመትና ችሎታ ያለውን ልጅ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በማግሥቱ ቋሚ ተሰላፊ እንደሚያደርገው እርሱም ቤተሰቡም ያውቁ ነበር። የዝውውር በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነበር፤ እርሱ ግን ቆየ። በቀጣዩ ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆኖ ዋንጫ ደገመ፤ ወዲያውም በኤንቢኤ ድራፍት (የአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት) 7ኛ ተመረጠ።

ሁለተኛው ማሳያ የነጥብ ክፍፍሉ ነው። በ2024 የዩኮን አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች በአማካይ ከ10 ነጥብ በላይ ያስቆጠሩ ሲሆን፣ ከፍተኛው ትሪስተን ኒውተን 15 ገደማ፣ ዝቅተኛው ካስል 11 ገደማ ነበራቸው። ካስል በዚያው ዓመት በድራፍቱ 4ኛ ተመርጦ በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ የዓመቱ ምርጥ አዲስ ተጫዋች የሆነ ልጅ ነው፤ በዩኮን ግን የተሰጠው ሥራ የተጋጣሚውን ምርጥ ኳስ አቀባይና አጥቂ ተጫዋች እየተከተሉ መዝጋት ነበር። የራሱን ነጥብ አሳድዶ ቢሆን ኖሮ የሚከለክለው አልነበረም፤ ነገር ግን አጠገቡ እንዲህ ያለ ስስት የሚያሳይ ታላቅ አላገኘም። ባህል ካልን ይህ ነው፤ አዲሱ ልጅ ማንን አይቶ እንደሚማር።

ጥያቄ፦ ሃርሊ ከየት የመጣ ሰው ነው?

መልስ፦ ከአሠልጣኝ ቤት ነው። አባቱ ቦብ ሃርሊ ኒው ጀርሲ ውስጥ በጀርሲ ሲቲ የቅዱስ አንቶኒ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ለዓመታት ያሠለጠነና በ2010 ወደ ቅርጫት ኳስ የክብር አዳራሽ የገባ ሲሆን፣ ወንድሙ ቦቢ ከዱክ ጋር በ1991 እና በ1992 ሻምፒዮን ሆኗል። ዳን ግን በሴተን ሆል ሲጫወት በወንድሙ ጥላ ሥር ተሠቃይቷል። ከዚያም ኒውዋርክ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት አሠልጥኖ፣ በዋግነርና በሮድ አይላንድ በኩል አልፎ በ2018 ዩኮን ደረሰ።

ጥያቄ፦ መጀመሪያ ላይ እንደተሸነፈ ሰምቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው እንዴት ታገሠው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት 16 ድልና 17 ሽንፈት ነበር። በ2021 እና በ2022 ወደ ብሔራዊው ውድድር ቢገባም በሁለቱም በመጀመሪያው ጨዋታ ተሰናበተ። ትዕግሥቱ የመጣው ቡድኑ በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ሲሻሻል ስለታየ ይመስለኛል፤ በ2020 ወደ ቀድሞው ቢግ ኢስት ሊግ መመለሱም ለምልመላ እጅግ ጠቅሞታል፤ ምክንያቱም የኒው ዮርክና የኒው ጀርሲ ልጆች ቤተሰባቸው አጠገብ እንዲጫወቱ አስችሏል።

ጥያቄ፦ ፌርፋክስ አካባቢ እኖራለሁ። በ2006 የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ያደረገውን ዛሬም ሰው ያነሣዋል። ከዚያ ድል በኋላ ምን ሆነ? ከሃርሊ ጋርስ ይነጻጸራል?

መልስ፦ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ ያን ዕለት ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የተሸነፈውም ራሱ ዩኮን ነበርና። የአሠልጣኝ ጂም ላራኛጋ ጆርጅ ሜሰን በተጨማሪ ሰዓት 86 ለ84 ረትቶ ፋይናል ፎር (የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ግማሽ ፍጻሜ) ገባ፤ እዚያም በፍሎሪዳ ተሸነፈ። ላራኛጋ እስከ 2011 ቆይቶ ወደ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እንደ ጆርጅ ሜሰን ያለ ትምህርት ቤት ከእንዲህ ዓይነቱ ድል በኋላ የሚያገኘው ዝና ከፍተኛ ቢሆንም፣ ታላላቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ዓይናቸውን በአሠልጣኙና በተጫዋቾቹ ላይ ስለሚጥሉ ዝናውን ወደ ዘላቂ ቡድን መለወጥ አስቸጋሪ ነው።

ለማነጻጸር የሚሻለው ግን ፍሎሪዳ ነው። ፍሎሪዳ በ2006 ካሸነፈ በኋላ ጆአኪም ኖአ፣ አል ሆርፎርድና ኮሪ ብሩወር ሚሊዮኖችን ወደ ጎን ትተው ተመለሱ፤ አምስቱም ቋሚ ተሰላፊዎች አብረው ቀጥለው በ2007 ደገሙት። ከእነርሱ በኋላ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈው የሃርሊ ዩኮን ብቻ ነው። ልዩነቱ ፍሎሪዳ የደገመው ያንኑ ቡድን ይዞ ሲሆን፣ ዩኮን ግን ሦስት ዋና ዋና ተጫዋቾቹን አጥቶ፣ በሁለቱ ውድድሮች ያደረጋቸውን 12 ጨዋታዎች በሙሉ ቢያንስ በ13 ነጥብ ልዩነት አሸንፎ መሆኑ ነው። በእኔ ግምት ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ባህሉ ያን ያህል ጠንካራ ከሆነ በ2025 ለምን ወደቀ?

መልስ፦ «ወደቀ» የሚለው ትንሽ ይበዛበታል፤ 24 ጨዋታ አሸንፎ በሁለተኛው ዙር፣ በኋላ ዋንጫውን በወሰደው በፍሎሪዳ 77 ለ75 ነው የተሸነፈው። ቢሆንም ጥያቄው ተገቢ ነው። ከአምስቱ ቋሚዎች አራቱ በአንድ ጊዜ ሄዱ፤ የቀረው አሌክስ ካራባን ብቻ ነበር። ኖቬምበር 2024 ሃዋይ ላይ በማዊ ውድድር በሦስት ቀን ውስጥ በሜምፊስ፣ በኮሎራዶና በዴይተን ተሸነፉ።

በእነዚያ ጨዋታዎች የታየው የችሎታ ማነስ ብቻ አልነበረም። በኳስ ቁጥጥር ላይ ውሳኔ የሚሰጥ፣ መከላከሉ ሲላላ አሠልጣኙ ሳይጮህ በፊት ጓደኛውን የሚቆጣ ሰው ጠፋ። ያንን ሥራ ቀደም ሲል የሚሠሩት ኒውተንና ስፔንሰር ነበሩ፤ ሁለቱም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው የመጡ፣ ዕድሜያቸውም የበሰለ ነበር። ከዝውውር ገበያ የነጥብ ብዛት ይገዛ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ጠባይ ግን በቪዲዮ አይቶ መምረጥ ያስቸግራል። ካራባን ጥሩ ተጫዋች ቢሆንም አምስት ሰው የተሸከመውን ለብቻው ሊሸከም አልቻለም፤ ደግሞም አልተገባውም ነበር።

የአሠልጣኙንም ድርሻ ማለፍ አይገባም። በሜምፊሱ ጨዋታ ተጨማሪ ሰዓት ላይ በዳኛ ውሳኔ ተናዶ ሜዳ ላይ ሲወድቅ በቡድኑ ላይ የቴክኒክ ቅጣት (ለጠባይ ጉድለት የሚሰጥ ቅጣት) አሰጥቷል፤ በዚያው የውድድር ዘመንም በካሜራ ፊት ከዳኞች ጋር ሲጯጯህ ተደጋግሞ ታይቷል። ሲያሸንፍ «ስሜቱ ቡድኑን ያነሣሣል» ይባልለት የነበረው ጠባይ ሲሸነፍ ሸክም ሆነ።

ጥያቄ፦ ገንዘቡ ሁሉን ነገር አላበላሸም?

መልስ፦ ለውጦታል። ከጁላይ 2021 ጀምሮ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቀደ፤ በዚያው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የተዛወረ ተጫዋች አንድ ዓመት ሳይቀመጥ እንዲጫወት ተፈቀደ፤ በ2024 የዝውውር ቁጥር ገደቡ ተነሣ፤ በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት መሠረት ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ጀመሩ። ላራኛጋ በ2023 ማያሚን ፋይናል ፎር አድርሶ ሂዩስተን ላይ በዚሁ በዩኮን ከተሸነፈ በኋላ፣ ስምንት ተጫዋቾቹ የመዛወር ሐሳብ እንዳላቸው እንደነገሩት ራሱ ተናግሯል፤ ዲሴምበር 2024 በውድድር መካከል ሥራውን ለቀቀ። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ቶኒ ቤኔትም በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ጡረታ ወጣ።

አሜሪካ ውስጥ ለሚኖረው ማኅበረሰባችን አንድ ነገር ልጨምር። ከውጭ አገር በኤፍ1 የተማሪ ቪዛ የሚመጣ ተጫዋች አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለውን ክፍያ መቀበል በቪዛው የሥራ ገደብ ምክንያት ያስቸግረዋል። ከማሊ የመጣው ሳኖጎ፣ የ2023 ፋይናል ፎር ኮከብ፣ በዚህ ውስጥ ያለፈ ነው። ውድድሩ ከረመዳን ጋር ስለገጠመ ቀን ቀን እየጾመ በማያሚ ላይ 21 ነጥብና 10 ሪባውንድ አስመዘገበ። ቡድኑ ምግቡን ከጾሙ ሰዓት ጋር አስማማለት፤ ስለ ባህል ከሚደረግ ንግግር ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ያላቸው ልጆች ግን የቪዛው ገደብ አይመለከታቸውም።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምንኖረው፤ ልጄ 10ኛ ክፍል ሲሆን በደንብ ይጫወታል። ወላጅ ምን ማወቅ አለበት?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ትምህርቱን። በዲቪዚዮን አንድ (በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ለመጫወት 16 የተወሰኑ መሠረታዊ ኮርሶችንና በእነርሱ ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ይጠይቃሉ፤ ከ16ቱም አሥሩ 12ኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት መጠናቀቅ አለባቸው። ብዙ ወላጆች ይህን የሚሰሙት በመጨረሻው ዓመት ስለሆነ፣ ነገ ጠዋት የትምህርት ቤቱን አማካሪ ያነጋግሩ። የኮሌጅ አሠልጣኞች ወንድ ተጫዋችን በቀጥታ ማነጋገር የሚችሉት 10ኛ ክፍልን ካጠናቀቀበት ዓመት ከጁን 15 ጀምሮ ነው፤ ከዚያ በፊት ዝም ቢሉ ልጁ ተረሳ ማለት አይደለም። ዲቪዚዮን ሦስት የስፖርት ስኮላርሺፕ እንደማይሰጥም ይወቁ።

አሠልጣኝ ቤታችሁ ሲመጣ ደግሞ፣ ዋንጫውን ትተው ልጅዎ በሚጫወትበት ቦታ ላይ አሁን ያሉት እነማን እንደሆኑ፣ ባለፈው ዓመት ጥቂት ደቂቃ የተጫወቱት ዛሬ የት እንዳሉ ይጠይቁት። ግቢውን ሲጎበኙ ተጠባባቂዎቹን ለብቻቸው ያነጋግሩ፤ እውነቱን የሚነግሯችሁ እነርሱ ናቸው። እግረ መንገዴን፣ ስፔንሰር የእናንተው ሜሪላንድ ልጅ ነው፤ ከሎዮላ ተነሥቶ በ2024 ድራፍት 53ኛ ተመርጧል።

ጥያቄ፦ የኤንቢኤው ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ያቀረበለትን የአሠልጣኝነት ጥያቄ ሃርሊ ለምን አልተቀበለም?

መልስ፦ ጁን 2024 የቀረበለት የስድስት ዓመት 70 ሚሊዮን ዶላር እንደነበር ተዘግቧል፤ ከዩኮን የፈረመው የስድስት ዓመት 50 ሚሊዮን ነው። የቤተሰቡ ኑሮ በምሥራቁ ጠረፍ መሆኑ አንድ ምክንያት ነው። እኔ ደግሞ ለሰውዬው የሚሆነው ኮሌጅ ነው ባይ ነኝ፤ የ30 ዓመት ባለሚሊዮን ተጫዋችን እንደ 19 ዓመት ልጅ መቆጣት አይቻልማ።

ጥያቄ፦ የዩኮን ሴቶች ቡድንስ? ከእነርሱ አልተማረም?

መልስ፦ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ ስቶርስ፣ ጂኖ ኦሪየማ ከ1985 ጀምሮ እያሠለጠነ 12 ዋንጫ አንሥቷል፤ ስለዚህ ከድል በኋላ እንዴት እንደሚኖር ለማየት ሃርሊ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን በ11ኛውና በ12ኛው ዋንጫ መካከል፣ ከ2016 እስከ 2025፣ ዘጠኝ ዓመት ማለፉ ነው። በእነዚያ ዓመታት ምርጥ ተጫዋቾችን መመልመሉን አላቆመም፤ ጉዳት ግን ደጋግሞ መታው። ፔጅ ቤከርስ በጉልበት ጉዳት የ2022–23ን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ብታጣም ሌላ ዩኒቨርሲቲ አልፈለገችም፤ በአምስተኛ ዓመቷ፣ ኤፕሪል 2025፣ ሳውዝ ካሮላይናን 82 ለ59 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ።