የእንዶዱ ቁጭት

ይድረስ ለጎንደር ተማሪዎች፣

ከእናንተ አንዷ «መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ምርምር የሚያወጣው ብር ለደንቢያ ገበሬ ምን ይፈይድለታል?» ብላ ጠየቀችኝ። የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝ፤ የእንዶድን ቁጭት።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች፣ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚራባው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ ውሃ ሲገባ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው ንጥረ ነገሩ፣ ሳፖኒኑ፣ ይወጣል፤ ቀንድ አውጣውን ይገድላል፣ ሳፖኒኑ ራሱም በቀናት ውስጥ ይፈርሳል። እንቁላሉን ግን አይገድልም፤ ስለዚህ ተደጋግሞ መጨመር አለበት። ዓሣም ይጎዳል።

እስከዚህ ያለው ወጪ ትንሽ ነው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው የመርዛማነት ፍተሻ ነው፤ ደረጃውን የጠበቀ ላቦራቶሪ ይፈልጋል። ለዚያ ገንዘብ ፍለጋ ዓመታት ነጎዱ። ነጋዴ ማንም ከአጥሩ ሥር የሚለቅመውን ፍሬ አያስፈትሽም፤ ትርፉን ሰብስቦ የሚሸጥበት መንገድ የለውማ። በሽታው ሲቀንስ ግን ከትምህርት ቤት ያልቀረው ልጅ፣ ለመድኃኒት ያልወጣው የውጭ ምንዛሪ፣ ይህ ሁሉ የሚገባው ወደ አገር ኪስ ነው። ከፋዩም መንግሥት መሆን ያለበት ለዚህ ነው። በኋላ አሜሪካ ውስጥ፣ የውሃ መሳቢያ ቱቦ የሚደፍነውን ዜብራ ሙሰል የተባለ ባለዛጎል እንስሳ እንዶድ እንደሚገድለው ታየ፤ የፈጠራ መብቱም በኦሃዮ ባለ ዩኒቨርሲቲ ስም ተመዘገበ። ፍሬው የእኛ ነበር።

ገንዘብ ሁሉንም ይፈታል ማለቴ ግን አይደለም። የእኛው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 በጤና ኮሌጅነት የተጀመረው የደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ካለፈ በኋላ ነው፤ ችግሩ ቀድሞ ደጅ ላይ ነበር። እናንተ የዛሬዎቹ ግን ርዕስ የምትፈልጉት ከስልካችሁ ነው፤ ጣናን ወርዳችሁ ያያችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ?

በጀት ስትጠይቁ የአንድ ዓመት አትጠይቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ግዥው ሲጓተት በጋው ያልፋል። ቀንድ አውጣን ደግሞ የክረምት ጎርፍ ጠርጎት በበጋ መልሶ ይራባል፤ ሁለት በጋ ካልለካችሁ የገደለው እንዶዱ ይሁን ጎርፉ አታውቁም። ፍሬው ሲለቀም በየጆንያው ላይ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። የእንዶድ ኃይል ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ የእንዶድ ተመራማሪው ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ከብዙ ናሙና መካከል 44 ቁጥር የተባለውን ዝርያ የመረጡት እያንዳንዱ በቁጥሩ ተይዞ ስለቆየላቸው ነው።