ለሙታን የተጻፈ፣ ሙሾ የሌለበት

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ የእናታችንን ተዝካር ካወጣን በኋላ ውጭ አገር የሚኖር ወንድሜ «ለሞቱ ሰዎች የተጻፈ ነው» ብሎ «ቴራ ሜሞሪያ» የተባለ የፊንላንድ ሙዚቃ ላከልኝ። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። የሚያዝ ዜማም፣ እንደ ሙሾ አንጀት የሚበላ ነገርም አላገኘሁበትም፤ ክሮቹ አንዴ ይንሾካሾካሉ፣ አንዴ ይሻክራሉ። ለሙታን የሆነው ምኑ ነው?

መልስ፦ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሥራው በ2006 እ.ኤ.አ. ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፈ ሲሆን፣ ኤመርሰን የተባለው የአሜሪካ ኳርቴት (የአራት ተጫዋቾች ቡድን) በ2007 ኒውዮርክ በሚገኘው ካርኔጊ አዳራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫውቶታል። ደራሲዋ ካይያ ሳሪያሆ በ1952 ሄልሲንኪ ተወልደው፣ አብዛኛውን የሥራ ዘመናቸውን በፓሪስ አሳልፈው፣ በ2023 እዚያው ያረፉ ናቸው።

የጥያቄዎ መልስ ደራሲዋ ስለ ሥራው ባሰፈሩት ማብራሪያ ውስጥ ይገኛል። የሞተ ሰው ሕይወት ያለቀ ነው፣ ከእንግዲህ የሚጨመርበት የለም፤ ይሁን እንጂ የእኛ የቀሪዎቹ ስሜት መለዋወጡን አይተውም፣ አንዳንዱ ትዝታ በዓመታት መልኩን ሲቀይር ሌላው ጥርት ብሎ ይቀራል ይላሉ። ሙዚቃውም የተሠራው እንዲሁ ነው፤ አንዳንዱ ሐሳብ ደጋግሞ ይለወጣል፣ ሌላው ሳይነካ ማለት ይቻላል ተመልሶ ይመጣል። በላቲን «ቴራ» መሬት፣ «ሜሞሪያ» ትዝታ ማለት ሲሆን፣ መሬቱ ለእሳቸው የሙዚቃው ጥሬ ዕቃ፣ ትዝታው ደግሞ ዕቃው የሚሠራበት መንገድ ነው። ሙሾ ያላገኙበት ለዚህ ይመስለኛል፤ ሙሾ የሚወርደው ሐዘኑ ትኩስ ሳለ ነው፣ ይህ ሙዚቃ ግን ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ያለውን ረጅም ጊዜ ይከተላል።

ስለ መንሾካሾኩና ስለ መሻከሩ ጆሮዎ አልተሳሳተም። ተጫዋቹ ደጋኑን ክሮቹን ደግፎ ወደያዘው ትንሽ እንጨት ሲያስጠጋ ድምፁ ይቀጥናል፣ ብረት ብረት ይላል፤ ወደ ጣቶቹ በኩል ሲያርቀው ይለሰልሳል፤ ክሩን ሳይጫን በጣቱ ጫፍ ነካ ብቻ ሲያደርገው ደግሞ ከሩቅ የመጣ የሚመስል ቀጭን ፉጨት ይወጣል። ማሲንቆ በቅርብ ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። ሳሪያሆ እነዚህን ድምፆች ለጌጥ አያስገቧቸውም፤ አንድ ኖታ ባለበት ረግቶ ከጥራት ወደ ሻካራነት ቀስ እያለ ሲሻገር፣ ሌላ ደራሲ በዜማ የሚተርከውን እሳቸው በዚያ ሽግግር ይተርኩታል።

በ1987 ክሮኖስ ለተባለው ኳርቴት በጻፉት «ኒምፌያ» ኤሌክትሮኒክስ ጨምረው፣ ተጫዋቾቹን ግጥም እስከ ማንሾካሾክ አድርሰዋቸው ነበር፤ እዚህ ግን ከአራቱ መሣሪያዎች በቀር ምንም የለም። በ2009 «ቴራ ሜሞሪያ»ን ለትልቅ የባለአውታር መሣሪያዎች ኦርኬስትራ አስፍተውታል። ያማረ ነው፤ ነገር ግን በእኔ ጆሮ አራት ሰዎች ብቻ ሲጫወቱ የሚሰማው ቅርበት ይጎድለዋል።

ሥራው 18 ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ሦስተኛ ጊዜ ሲሰሙት በስልክዎ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ ከስልኩ የሚወጣው ድምፅ ቀጭኑን ፉጨት ያጠፋዋል። ዜማ አይጠብቁ። አንዲት አጭር የድምፅ ቅርጽ መርጠው ያዙና፣ በተመለሰች ቁጥር ተለውጣ እንደሆነ ወይም እንደነበረች መሆኗን ያዳምጡ።