የአንባብያን ጥያቄ፦ «እንጦጦ ላይ ማንም አይቀድመኝም፤ ትምህርቴን ትቼ አውሮፓ ልሂድ?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱ ስለ ሳይክል ናቸው። እኔም ስድስት ዓመት በክለብ ተወዳድሬ ስላለፍኩ ከልቤ ነው የምመልሳቸው። የመጀመሪያው ረዘም ይልብኛል፣ ይቅርታ።

«ጋሼ ሰላም ነው? 20 ዓመቴ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። በሳምንት አምስት ቀን ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም በሳይክል እወጣለሁ። ስትራቫ (የሳይክል ሰዓት የሚመዘግበው አፕ) ላይ ከምናውቃቸው ልጆች ማንም አይቀድመኝም። አንድ ሰውዬ አውሮፓ ካለ ቡድን ጋር አገናኝሃለሁ፣ ለፕሮሰስ 150 ሺህ ብር አምጣ አለኝ። አባቴ ተበድሮም ቢሆን ሊሰጠኝ ነው። ትምህርቴን ላቋርጥ?» — ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ ብሩን አትስጥ። ሌላውን ሁሉ ሳታነብ ለአባትህ ደውልና «ብድሩ ይቅር» በላቸው።

ጤነኛ ቡድን ይከፍልሃል እንጂ አያስከፍልህም። ወኪልም ቢሆን ድርሻውን የሚያገኘው ውል ከፈረምክ በኋላ ከደሞዝህ ላይ ነው። ደግሞ የዓለም ብስክሌት ማኅበር፣ ማለትም ዩሲአይ፣ ፈቃድ የሰጣቸውን ወኪሎች ዝርዝር ድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ሰውዬው እዚያ ውስጥ ከሌለ ጨዋታው እዚያው አለቀ።

አሁን ወደ እንጦጦ። ሳንባህን አልጠራጠርም። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ ልጅ በሳምንት አምስት ቀን እንጦጦን ከወጣ ሞተሩ አለ። የእኛን ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥላቸው ሞተር አይደለም። እንጦጦ ስትወጣ ብቻህን ነህ። ትልቁ የሳይክል ውድድር ቱር ደ ፍራንስ ላይ ከ170 በላይ ሰው አንድ መንገድ ላይ ይሰለፋል፣ ክርንህ ከሰው ክርን ጋር እየተነካካ በሰዓት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ትነዳለህ። ከሰው ኋላ ተከልሎ መንዳት የሚቆጥብልህ ጉልበት ብዙ ነው፣ እስከ ሲሶ ይደርሳል። ስለዚህ ቦታ መያዝ የማይችል ጠንካራ ልጅ፣ ቦታ መያዝ በሚችል ደካማ ልጅ ይበለጣል።

በእኔ የደረሰውን ልንገርህ። አንድ ጊዜ ክለቡ ቤልጅየም ወሰደን። ጠፍጣፋ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የድንች ማሳ። በልቤ «ዳገት የለ፣ ምን ሊከብድ ነው» እያልኩ ነበር። ድንገት ንፋሱ ከግራ መጣ፣ የፊተኞቹም እርስ በርስ ከንፋሱ ለመከለል ወደ ቀኝ በሰያፍ ተደረደሩ። የመንገዱ ስፋት አሥር ሰው ገደማ ነው የሚይዘው፣ የቀረነው በቀኙ ጠርዝ ተሰልፈን ንፋሱን ስንጠጣ ቀረን። ጎማዬ ከሣሩ በአራት ጣት ርቀት ላይ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገልኩ። ከዚያ ከፊቴ ካለው ልጅ ጋር አንድ ሜትር ተራራቅን፣ አንድ ሜትሩ አሥር ሆነ፣ የቡድኖቹ መኪናዎች እያለፉኝ ሄዱ። እግሬ ገና አልደከመም ነበር፣ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም እሱ ነው። ያን ቀን ያሸነፈው ልጅ ያንን ንፋስ ከአሥራ ሦስት ዓመቱ ጀምሮ ያውቀዋል።

ኤርትራዊውን ቢኒያም ግርማይን እየው። በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮች አሸንፎ በነጥብ አንደኛ የሚለብሰውን አረንጓዴ ማሊያ ሲወስድ ብዙ ሰው ድንገት የመጣ መሰለው። አስመራ ግን የሳይክል ከተማ ናት፣ ልጁ ውድድር እያየ ነው ያደገው። በ2018 ስዊዘርላንድ ኤግል ወዳለው የዩሲአይ ማሠልጠኛ ገባ፣ በታዳጊነቱ ከአውሮፓ እኩዮቹ ጋር ተጋፋ። በ2022 የቤልጅየሙን ውድድር ጌንት ቬቬልገምን ሲያሸንፍ ንፋሱን ያውቀው ነበር። የእኛው ፅጋቡ ግርማይም ቢሆን በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን የበቃው፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት በደቡብ አፍሪካው ቡድን ውስጥ ብዙ ውድድር ከሮጠ በኋላ ነው።

ስለ ገንዘቡም ግልጽ ልሁን። ከፍተኛው እርከን፣ ወርልድ ቱር የሚባለው፣ 18 ቡድን ነው ያለው። እያንዳንዱ ሠላሳ ሰው ገደማ ይይዛል። ከዓለም ሁሉ ማለት ነው! እዚያ ከገባህ ዝቅተኛው ዓመታዊ ደሞዝ በ2023 ከ40 ሺህ ዩሮ ትንሽ ከፍ ያለ ነበር፣ ለጀማሪ ደግሞ ከ30 ሺህ በላይ። ኮንቲኔንታል በሚባለው ሦስተኛው እርከን ግን ዩሲአይ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ደሞዝ የለም። ሳይክል፣ ማሊያና አልጋ ብቻ ተሰጥቷቸው ዓመቱን የሚገፉ ልጆች አሉ። ቡድኖቹም የሚኖሩት በስፖንሰር ነው፣ መንገድ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ትኬት አይሸጥም። ስፖንሰሩ ሲሄድ ቡድኑ ይፈርሳል። ቢኒያም የመጀመሪያ ቡድኑ የገንዘብ ችግር ገጥሞት ነው በ2021 አጋማሽ ወደ ሌላ የተሻገረው። ስንት አፍሪካዊ ያሳደገው የደቡብ አፍሪካው ቡድን ኩቤካም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተዘጋ።

ማንም የማይነግርህ ደግሞ ቪዛው ነው። የሸንገን ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ነው የሚያስቆይህ፣ የውድድር ወቅቱ ግን ከየካቲት እስከ ጥቅምት ነው። አንድ ሰው ሲታመምባቸው ሐሙስ ማታ ደውለው ለእሁድ ና ይላሉ። ፈረንሳዊው ልጅ ባቡር ተሳፍሮ ይደርሳል። አንተ ለኤምባሲ ቀጠሮ ወረፋ ላይ ነህ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚደውሉት ለፈረንሳዊው ነው። በዚህ ምክንያት የቀሩ ጎበዞች አውቃለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

እና ምን ላድርግ ካልክ፣ ትምህርትህን አታቋርጥ። ክለብ ግባ፣ በፌዴሬሽኑ በኩል የተወዳዳሪ ፈቃድ አውጣ፣ የተገኘውን ውድድር ሁሉ ሩጥ፣ ትንሽ ነው ብለህ አትናቅ። መልማዮች አፍሪካ ውስጥ ልጅ የሚያዩት የአፍሪካ ሻምፒዮናና የሩዋንዳ ቱር ላይ ነው፣ እዚያ የሚወስድህ ብሔራዊ ቡድን ነው። የሃያ ደቂቃ የዋት ልኬትህን፣ ማለትም ፔዳሉን የምትገፋበትን ጉልበት፣ አሠርተህ ያዝ፣ ስትራቫ ላይ አንደኛ ነኝ ከማለት ያ ቁጥር ይበልጥ ይሰማል። ዛሬ ቡድኖች 18 እና 19 ዓመት ልጅ ስለሚያስፈርሙ 20 ዓመት ገና ነው ብዬ አልዋሽህም። ግን ፕሪሞዝ ሮግሊች እስከ ሃያዎቹ መጀመሪያ የበረዶ ስኪ ዝላይ ስፖርተኛ ነበር፣ በኋላ የስፔኑን ትልቅ ውድድር ቩዌልታን አራት ጊዜ አሸነፈ። ሁለት ዓመት ስጠው። በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ቀን በግሩፕ ውስጥ እንደተወዳደርክ ቆጥረህ መልሰህ ጻፍልኝ።

«ወንድሜ፣ ልጄ 17 ዓመቷ ነው፣ ሳይክል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። መውደቋን እፈራለሁ። ደግሞስ ሴት ልጅ ከዚህ እንጀራ ይወጣላታል ወይ?» — ከመቀሌ

እህቴ፣ ትወድቃለች። እኔ የትከሻዬን አጥንት ሁለት ጊዜ ሰብሬአለሁ። ሄልሜቷ ደህና ይሁን፣ ፍሬኗ በየሳምንቱ ይታይ፣ ቁልቁለት ላይ መታጠፍን አሰልጣኝ ቆሞ ያስተምራት። ከዚያ የቀረውን ለእግዚአብሔር ነው የሚሰጡት።

እንጀራውን በተመለከተ ከእኔ ዘመን በጣም ተሽሏል። በሴቶች ወርልድ ቱር ዝቅተኛው ደሞዝ በ2020 15 ሺህ ዩሮ ነበር፣ በ2023 ከ32 ሺህ አለፈ። የሴቶች ቱር ደ ፍራንስም ከ2022 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄዳል። መቀሌ ጎበዝ ሴት ብስክሌተኞች አፍርታለች። ጦርነቱ የስንቶቹን ምርጥ ዓመታት እንደበላ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል።

እኔ ግን ከመውደቋ ይልቅ የምሰጋው ሌላ ነገር አለ። በዚህ ስፖርት «ቀጭን ሁኚ፣ ዳገት ትወጪያለሽ» የሚል አሰልጣኝ ሞልቷል። ልጅቷ እራት መቀነስ ትጀምራለች። መጀመሪያ ላይ እውነትም ትፈጥናለች፣ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ የወር አበባዋ ይቀራል። ይህ የስፖርተኛ ወግ ነው የሚልዎት ካለ እንዳይሰሙት፤ ሰውነቷ የሚበቃውን ምግብ አላገኘም ማለት ነው፣ አጥንቷም በዚያ ዕድሜ መጠንከር ሲገባው ይሳሳል። ሁለት ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት። የሚጠይቃት ሌላ ሰው ላይኖር ይችላልና እርስዎ ይጠይቋት። ስትጋልብ ውላ ስትመጣ ደግሞ ሳህኗን ይዩ።

«ዐቢይ ጾምን እጾማለሁ። አሰልጣኜ ወይ ጾሙን ወይ ሳይክሉን ምረጥ አለኝ።» — ከባሕር ዳር

አሰልጣኝህ ሁለት ነገር አደባልቋል። ሥጋና ወተት አለመብላት አያስቸግርህም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ሩዝና ድንች ለሳይክል ጥሩ ምግብ ነው። የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። ረጅም ውድድር ላይ ሰውነት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ይፈልጋል። ባዶ ሆድህን አራት ሰዓት ከነዳህ ትዝላለህ፣ የዛለ ሰው ደግሞ ቁልቁለት ላይ ለራሱም ለሌላውም አደጋ ነው። የሩዋንዳ ቱር በየካቲት ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከጾሙ ጋር ይጋጠማል። እኔ የማደርገው ይህን ነበር፦ የነፍስ አባቴን አማክሬ፣ ቀላል ልምምድ ባለባቸው ቀናት ሰዓቱን እጠብቅ ነበር፣ በውድድርና በረጅም ልምምድ ቀን ግን ጠዋት የጾም ምግብ እበላ ነበር። በኪሴ ቴምርና ሙዝ፣ በኮዳዬ ቀጠን ብሎ በስኳር የተበጠበጠ በሶ። አንተም ከነፍስ አባትህ ጋር ተነጋገር፣ ውሳኔው የእናንተ የሁለታችሁ ነው።

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው፣ ክለብ ገባ። የአራት ሺህ ዩሮ የካርቦን ሳይክል ልግዛለት?» — ከፍራንክፈርት

አይግዙ። በዓመት ውስጥ ያጥረዋል። ያገለገለ የአሉሚኒየም ሳይክል በቂ ነው፣ ብዙ ክለቦች ደግሞ ለልጆች ያውሳሉ። ያንን ብር ለጉዞና ለውድድር መመዝገቢያ ያውሉት፤ እዚያው ደጃችሁ በፈረንጆች ግንቦት (ሜይ) መጀመሪያ የሚደረገው የኤሽቦርን ፍራንክፈርት ውድድር የታዳጊዎችም አለው፣ ይውሰዱት። ሄልሜቱን ብቻ አዲስ ይግዙለት። ያገለገለ ሄልሜት አንድ ጊዜ ወድቆ ከሆነ ውስጡ ተሰንጥቆ ከውጭ ላይታይ ይችላል።