የኋልዮሽ ፍሰት፦ ከጎጃም ከተሞች ለመጡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄዎቹ ሁሉ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ከቤት፣ ከጋጣ ወይም ከመሥሪያ ቦታ ወደ መጠጥ ውሃ መስመር ተመልሶ ስለሚገባ ቆሻሻ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ውሃ የምናገኘው በፈረቃ ነው። ሲለቀቅ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ደፍርሶ ይመጣል፣ አንዳንዴም ይሸታል። ችግሩ ከዋናው መስመር ነው ወይስ ከግቢያችን?

ድፍርሱ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዝገትና ደለል ነው፤ የቆመው ቧንቧ ድንገት ግፊት ሲያገኝ ይነሣል። የፍሳሽ ወይም የሳሙና ሽታ ካለው ግን አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ የገባ ነገር አለ።

ፈረቃው ሲያበቃ ዝቅ ብለው ያሉት ቤቶች ቧንቧ ከፍተው የቀረውን ይቀዳሉ። ከፍ ብሎ ያለው መስመር ባዶ እየሆነ ሲሄድ አየር ካላገኘ የነካውን ሁሉ ይስባል፦ በርሜል ውስጥ የተዘፈቀ ጎማ፣ ባልዲ ውስጥ የወደቀ የእጅ ሻወር፣ በተሰነጠቀ መጋጠሚያ ዙሪያ ያቆረ ጭቃ። ይህ መምጠጥ ደብረ ማርቆስን በመሰለ ከፍታ ላይ ውሃን ከ7 ሜትር በላይ ሊያነሣ ይችላል።

በቀላሉ ይፈተሻል። ውሃው እንደሄደ ግቢው ውስጥ ከፍ ያለውን ቧንቧ ይክፈቱና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አፉ ላይ ደግነው ጫፉን ያስጠልቁት። የብርጭቆው ውሃ ከቀነሰ መስመሩ እየሳበ ነው።

ከቢቸና፦ የጤፍ አረም መድኃኒት መርጫውን የምንሞላው ጎማውን ውስጡ ከትተን ነው። ይህ ጉዳት አለው?

አለው፤ ከሁሉም ጥያቄዎች ይህ ነው የሚያስጨንቀው። ጀርባ ላይ የሚታዘለው መርጫ 16 ወይም 20 ሊትር ይይዛል። መድኃኒቱ ተጨምሮበት ጎማው ተዘፍቆ ሳለ ውሃ ቢቋረጥ ብጥብጡ ወደ መስመሩ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ቧንቧ የሚከፍተው ጎረቤት ነው የሚጠጣው። ማፍላት አያድነውም፤ ሙቀት ጀርም ይገድላል እንጂ የአረም መድኃኒት አያስወግድም።

ጎማውን ከመርጫው ያርቁት። ውሃውን በንጹሕ ጀሪካን ቀድተው ያምጡና ከቧንቧው ራቅ ብለው ይበጥብጡ። በቧንቧ አፍና በዕቃው የላይኛ ጠርዝ መካከል ክፍት አየር መኖር አለበት፤ ልኩ የአፉ ስፋት ሁለት እጥፍ ነው፣ ከ25 ሚሊ ሜትር ግን አያንስም። ለሦስት ሩብ ኢንች ቧንቧ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። አፉ ግድግዳ ከተጠጋ ሦስት እጥፍ ያድርጉት። ይህ ክፍተት የሚያረጅ ጎሚኒ፣ የሚላላ ስፕሪንግ የለውም፤ ስለዚህ ከየትኛውም ቫልቭ ይበልጣል።

ብጥብጡ ገብቷል ብለው ከጠረጠሩ የግቢውን ዋና መዝጊያ ዘግተው ወዲያው ለጎረቤትና ለውሃ አገልግሎቱ ይንገሩ። ማፈር ሰው ይገድላል።

ከባሕር ዳር፦ ዲናሞውን በቀጥታ ከቆጣሪው በኋላ ሰክተን ፎቅ ላይ ያለውን ሮቶ እንሞላለን። ሠራተኛው ችግር የለውም ብሎናል።

ለእናንተ ላይኖረው ይችላል፤ ለሰፈሩ ግን አለው። ዲናሞ ግፊት የሚጨምረው ከኋላው እየሳበ ነው። መስመሩ ደካማ በሆነበት ሰዓት ሲነሣ የመንገዱን ቧንቧ ከከባቢ አየር በታች ያወርደዋል፤ ያኔ በየመጋጠሚያው ወደ ውጭ ይንጠባጠብ የነበረው ወደ ውስጥ መሳብ ይጀምራል። ቧንቧው በጎርፍ ቦይ ወይም በሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ምን እንደሚገባ መገመት አያቅትም።

መፍትሔው መሬት ላይ ሌላ ሮቶ ማስቀመጥ ነው። የመንገዱ ውሃ በራሱ ግፊት በፍሎተር (ሮቶው ሲሞላ ራሱ በሚዘጋ ተንሳፋፊ መዝጊያ) በኩል እዚያ ይውረድ፣ ዲናሞው ከዚያ ይሳብ። የፍሎተሩ አፍ ከማስተንፈሻው ቱቦ (ሲሞላ ትርፉ ከሚወጣበት) በላይ ይሁን፤ የአየር ክፍተቱ የሚለካው ከዚያ ከፍታ ነው። መግቢያው ሦስት ሩብ ከሆነ ማስተንፈሻውን አንድ ተኩል ኢንች ያድርጉት፤ ጫፉን በወንፊት ይሸፍኑ፣ ከፍሳሽ መስመር ጋር ፈጽሞ አያገናኙት። አንዳንድ ፍሎተር ድምፅ እንዳያሰማ ወደ ታች የሚንጠለጠል ቱቦ አለው። ውሃው ውስጥ ስለሚዘፈቅ ያውጡት፤ ቢጮህ ይጩህ።

እዚያው ላይ፦ ሁሉም ሰው ዲናሞ ሰክቶ እኛ ብቻ ብንተው ውሃ አይደርሰንም። ደግሞስ ይህ ነገር በእውነት ሰው አሳምሞ ያውቃል?

የመጀመሪያው እውነት ነው፤ መሬት ላይ ያለ ሮቶ ግን ከፎቅ ይልቅ በደካማ ግፊትም ይሞላል፣ ሌሊት ሰው ሳይቀዳ ደግሞ ይበልጥ።

ለሁለተኛው፦ በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሆሊ ክሮስ ኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ (በእጅ የሚያዘውና ሞላላ ኳስ ያለው) ቡድን አባላት አብዛኞቹ በጉበት ብግነት ተያዙ፤ የዓመቱ ውድድራቸውም ተሰረዘ። በአቅራቢያው እሳት ለማጥፋት ብዙ ውሃ ሲሳብ ግፊቱ ወድቆ፣ በሜዳው ማጠጫ ዙሪያ ያቆረው የተበከለ ውሃ ወደ መጠጫው መስመር ገብቶ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም፦ ቆጣሪው አጠገብ ቼክ ቫልቭ አለን። አይበቃም?

አይበቃም። ቼክ ቫልቭ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ክዳን ነው፤ አንድ ፍሬ አሸዋ ወይም የቴፍሎን ቁራጭ መቀመጫው ላይ ካረፈ ሳይዘጋ ይቀራል፣ እርስዎም አያውቁም። በየፈረቃው ደለል በሚመጣበት መስመር ይህ የሚጠበቅ ነው። ይኑር፤ ግን ከፊቱ ማጣሪያ፣ በሁለቱም በኩል ዩኒየን (ቧንቧ ሳይቆረጥ የሚፈታ ማያያዣ) ይግባለት፣ ፍላጻውም ወደ ቤት ይመልከት። በየስድስት ወሩ ፈተው ይጠቡት። ለጤና የሚያሰጋ ነገር ባለበት ግቢ ቼክ ቫልቭን ብቻ አይመኑ።

ከዳንግላ፦ የጉድጓድ ውሃና የከተማውን በአንድ ቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) አገናኝተን በጌት ቫልቭ (በእጅ በሚዞር መዝጊያ) እንቀያይራለን።

ቲውን ያውጡት። የጉድጓዱ ፓምፕ ግፊት ከከተማው ከበለጠ ያልታከመው ውሃ ወደ ሰፈሩ ይገፋል፤ ጌት ቫልቭ ደግሞ ሲያረጅ ያሳልፋል፣ ወይም ማታ ሰው ረስቶት ያድራል። ሁለቱም ለየብቻ ከላይ፣ በአየር ክፍተት፣ ወደ አንድ ሮቶ ይውረዱ።

ከቡሬ፦ ላቫጆ አለኝ፤ የማጠቢያ ማሽኑ ከቧንቧው ጋር ተሰክቷል።

በመካከል በርሜል ያስገቡ። ቧንቧው በርሜሉን ከላይ ይሙላ፣ ማሽኑ ከበርሜሉ ይሳብ። ሌላ አያስፈልግም።

ከሞጣ፦ ሮቶው አንዴ ከተበከለ በምን ይታከማል?

ጀርም ከሆነ በበረኪና። ባዶ አድርገው ደለሉን ይጠቡ፣ በንጹሕ ውሃ ይሙሉ። ማሸጊያው 5 በመቶ የሚል በረኪና ከሆነ ለ1,000 ሊትር አንድ ሊትር ይጨምሩ፤ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሆናል። ሽቶ የተጨመረበትን በረኪና አይጠቀሙ። የክሎሪኑ ሽታ እስኪመጣ ድረስ እያንዳንዱን ቧንቧ ከፍተው ይዝጉ፣ 24 ሰዓት ያቆዩት፤ በዚህ ጊዜ ማንም አይጠጣ፣ ከብትም አይጠጣ። ከዚያ ሁሉንም አፍስሰው ሽታው እስኪጠፋ ያለቅልቁ። ኬሚካል ከገባበት ግን በረኪና አይረዳም።

ከእንጅባራ፦ ክሊኒክ እየሠራን ነው። ምን ዓይነት መከላከያ እናስገባ?

ሮቶ በአየር ክፍተት ማስገባት ከቻላችሁ እሱን። ካልሆነ ሁለት ቼክ ቫልቭ፣ በመካከላቸው ደግሞ ራሱን የሚከፍት ማስወጫ ያለውን መሣሪያ ጠይቁ። የመካከሉ ግፊት ከመግቢያው በ0.14 ባር ገደማ ማነስ ሲያቅተው ማስወጫው ተከፍቶ ውሃውን ወለል ላይ ያፈሰዋል። ስለዚህ ሲንጠባጠብ የሚደፍነው ሰው መከላከያውን አጠፋው ማለት ነው፤ መንስኤው ከውስጥ ይታይ። በዓመት አንድ ጊዜ በግፊት መለኪያ ይፈተሽ። ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ፣ ከሥሩ ማፍሰሻ አዘጋጅታችሁ ትከሉት። ጉድጓድ ውስጥ አይቀመጥም፤ በክረምት ጎርፍ ከሞላው ማስወጫው ራሱ የቆሻሻ መግቢያ ይሆናል።