ግሬዱን ተዉትና ጽሑፉን አሳዩኝ

ታናናሾቼ፣

ዘንድሮ በተመረቃችሁበት ዲፓርትመንት ረዳት ሆናችሁ የቀራችሁ አላችሁ። ማስተርሳችሁን ይዛችሁ ወደ አንዱ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ የተመደባችሁም አላችሁ። እንኳን ደስ አላችሁ። ወንበርና ጠረጴዛ ሳታገኙ ሦስት ኮርስ እንደሚጫንባችሁ አውቃለሁ። እኔ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ነው ያረጀሁት። እንዴት እንደምታስተምሩ የሚመክራችሁ አይጠፋም። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው። ያስተማርናቸው ልጆች የምር መማራቸውን በምን እናውቃለን?

መልሱ ቀላል ይመስላል። ፈተና አለ፣ ግሬድ አለ፣ ሬጅስትራር ጋ ሁሉም ተመዝግቦ ይገኛል። እስቲ ግን አንድ «ቢ» አንሡና ውስጡን ፈትሹት። በአድቫንስድ ራይቲንግ «ቢ» ያገኘች አንዲት ተማሪ አለች እንበል። ነጥቧ ከየት መጣ? 10 ከኩዊዝ፣ 15 ከሚድ፣ 15 ከቡድን አሳይመንት፣ 10 ከክፍል ተሳትፎ፣ 50 ከፋይናል። ኩዊዙ ምርጫ ነው። ሚዱ ግማሹ እውነት ሐሰት ነው። የቡድን ሥራውን ማን እንደሠራው እግዜር ይወቀው። የክፍል ተሳትፎ የምንለው ስም ስንጠራ «አቤት» ያለ ሁሉ የሚያገኘውን ነው። ፋይናሉ ውስጥ ራሷ እስክሪብቶ ይዛ ሙሉ አንቀጽ እንድትጽፍ የተጠየቀችው ለ15 ነጥብ ብቻ ነው። ይቺ ልጅ ጎበዝ ጸሐፊ ልትሆን ትችላለች። አንድ የረባ አንቀጽ ሳትጽፍ አልፋም ሊሆን ይችላል። ግሬዱ ሁለቱን አይለይም።

በመምህሩ ስንፍና ብቻ አላመካኝም። 60 ተማሪ ያለበት ክፍል ሁለት ሁለት ገጽ ቢጽፍ 120 ገጽ ነው። ሦስት ክፍል ያለው መምህር 360 ገጽ ተሸክሞ ቤቱ ይገባል። የምርጫ ጥያቄ ግን ባንድ ምሽት ታርሞ ያልቃል። ስለዚህ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይወስን፣ መለካት ያለብንን ትተን ለመለካት የሚቀለንን መለካት እንጀምራለን። የቡድን ሥራም እንዲሁ ነው። አምስት ስም ተጽፎበት ይመጣል፤ አንዷ ትሠራለች፣ አራቱ የፎቶ ኮፒ ሒሳብ ያዋጣሉ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ያኔ በየግቢው ሲገባ ጎበዙ ደካማውን ይጎትታል ተብሎ ነበር። ብዙ ጊዜ ያየሁት ግን ጎበዙ ሲጽፍ ሌላው ሲያስጠርዝ ነው።

የምታስተምሩበትን ካሪኩለም ገልጣችሁ ግራጁዌት ፕሮፋይል የሚለውን፣ ተመራቂው ምን መቻል እንዳለበት የሚዘረዝረውን ክፍል፣ አንብቡት። ተመራቂው «ይረዳል»፣ «ግንዛቤ ይኖረዋል»፣ «ሥነ ጽሑፍን ያደንቃል» ይላል። ማድነቁን በምን ልታዩት ነው? ቁጭ በሉና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በዓይን ወደሚታይ ሥራ ለውጡት። ለምሳሌ፦ «ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን አጭር ግጥም ለብቻው አንብቦ፣ ትርጓሜውን ከግጥሙ ቃላት እየጠቀሰ በሁለት ገጽ ያስረዳል።» እንዲህ ስትሉ ፈተናው ራሱ ይወለዳል።

የሥነ ጽሑፍ ኮርሶቻችንን ተመልከቱ። ስለ አንድ ልቦለድ ጭብጥ፣ መቼትና ገጸ ባሕርያት ሃንድአውት እንሰጣለን። ፈተና ላይ «የልቦለዱን ጭብጥ አብራሩ» እንላለን። ልጁም ሃንድአውታችንን መልሶ ይሰጠናል። ሙሉ ነጥብ። መጽሐፉን ግን ገልጦትም ላያውቅ ይችላል። አሁን ለዚሁ ልጅ ካላየው አጭር ልቦለድ ግማሽ ገጽ ስጡት። እናት ልጇን ለመሸኘት መናኸሪያ ቆማለች እንበል። ደራሲው ስለ ስሜቷ አንድም ቃል አልጻፈም። የልጇን ቦርሳ ዚፕ ከፍታ ዘጋችው፣ እንደገና ከፍታ ዘጋችው ነው የሚለው። ጥያቄው አጭር ነው፤ እናትየው ምን ተሰምቷታል? በምን ዐወቃችሁ?

አንዱ «እናትየው አዝናለች፤ ምክንያቱም እናት ልጇን በጣም ትወዳለች» ብሎ በጸዳ እንግሊዝኛ ይጽፋል። ሌላዋ ሰዋስዋ እየተንገዳገደ፣ ያለፈውን ጊዜ ካሁኑ እያማታች፣ «ቦርሳው ቀድሞም ተዘግቷል፣ መክፈት አያስፈልጋትም ነበር፤ እጇ ሥራ ፈልጎ ነው» ትላለች። እሱ ስለ እናቶች ድሮም የሚያውቀውን ነው የነገረን። እሷ ጽሑፉን አንብባለች። በሃንድአውቱ ፈተና ግን እሱ ይበልጣታል፣ እኛም ጎበዝ ብለን እንሸልመዋለን።

የሷ ሰዋስው ምንም አይደለም እያልኩ አይደለም። የእንግሊዝኛ ዲግሪ ይዛ ልትወጣ ነውና ይቆጠርባታል። ግን ለብቻው ይቆጠር። ንባብ ለብቻው፣ የሐሳብ አደረጃጀት ለብቻው፣ ማስረጃ አጠቃቀም ለብቻው፣ ቋንቋ ለብቻው። ሩብሪክ የምንለው ይኸው ነው፤ አንድ ገጽ ካለፈ ማንም አይጠቀምበትም። ነጥቡን አንድ ላይ ካደባለቃችሁት «12 ከ20» የሚል ቁጥር ይወጣል፣ ልጅቷም ምን እንደጎደላት አታውቅም፣ እናንተም በሚቀጥለው ሴሚስተር ምን እንደምታስተምሩ አታውቁም።

ሩብሪኩን ጻፋችሁ ማለት ደግሞ ተግባባችሁ ማለት አይደለም። ይህን ሞክሩ። አምስት ወረቀት መርጣችሁ ስሙን ሸፍኑ፣ ኮፒ አድርጉ፣ ለሁለት ባልደረቦቻችሁ ስጡ። ሦስታችሁም ሳትነጋገሩ አርሙ። ከዚያ ሻይ እየጠጣችሁ ነጥባችሁን አውጡ። አንዳችሁ 8 የሰጣችሁትን ሌላችሁ 4 ሰጥታችሁት ብታገኙት አትደንግጡ። አንዱ የሚያርመው ስፔሊንግ ነው፣ ሌላው ሐሳብ፣ ሦስተኛው የእጅ ጽሑፍ አይቶ ልቡ ይርቃል ወይ ይቀርባል። ያቺ የሻይ ላይ ክርክር አበል ተከፍሎበት ሆቴል አዳራሽ ከሚሰጥ ሥልጠና ትበልጣለች። ስትከራከሩ ግን ወረቀቱን በእጃችሁ ያዙ፤ ያለ ወረቀት የሚደረግ ክርክር ወደ «የዘንድሮ ልጆች» ሐሜት ይወርዳል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ አንድ ኮርስ ነው። ዲግሪው ግን የኮርሶች ድምር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ከተመለሰ ወዲህ ተማሪው አንደኛ ዓመት ላይ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ ይወስድና ከዚያ ነው እኛ ዘንድ የሚመጣው። ሲመጣ ምን ይችል ነበር? ሲሄድስ? የመግቢያውን ካላስቀመጣችሁ የመውጫው ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ጎበዝ ሆኖ የመጣውን ልጅ ጎበዝ አድርገን አስመረቅን ብለን እንፎክራለን። ተንፏቆ ብዙ መንገድ የተጓዘውን ደግሞ ደካማ ብለን እንሸኘዋለን።

ስለዚህ የዲፓርትመንቱን ኮርሶች ባንድ ወረቀት ላይ ደርድሩ። በጎን ግራጁዌት ፕሮፋይሉን ጻፉ። እያንዳንዱን ችሎታ ማን ያስተዋውቃል፣ ማን ያለማምዳል፣ ማን ይለካል ብላችሁ ሙሉት። ስትጨርሱ የምታገኙትን ልገምት? ቶፒክ ሴንቴንስ፣ የአንቀጹን ዋና ሐሳብ የሚይዘው ዓረፍተ ነገር፣ ምን እንደሆነ አራት ኮርስ ላይ ይተረጎማል። የሌላን ሰው ሐሳብ በራስ ቃል ጽፎ ምንጩን መጥቀስ ግን ሁሉም «ሌላው ኮርስ ላይ ይማሩታል» ብሎ ስለተወው የትም የለም። ልጁ ሲኒየር ኤሴ፣ ማለትም የመመረቂያ ጥናቱ፣ ላይ ሲደርስ ይጠየቃል፣ አይችልም፣ ይገለብጣል፣ እኛም ሥነ ምግባር የለውም ብለን እንቆጣለን።

ሲኒየር ኤሴን ካነሣሁ አይቀር። የዲግሪው ትልቁ ማስረጃ መሆን የነበረበት እሱ ነው። ግን በየግቢው በር ያሉትን የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንዶቹ ጋ የዓምና ርዕስ ቦታው ተቀይሮ፣ የትምህርት ቤቱ ስም ተለውጦ፣ ተጠርዞ ይወጣል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቶ ኮፒ ቤቱንም ገበያ አሳጥቶታል። ጸያፍ እንግሊዝኛ የነበረው ልጅ በአንድ ሌሊት እንደ ዲፕሎማት ይጽፋል። ሶፍትዌር አምጥቼ እይዘዋለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ ያልሠራውን ያስጥላል፣ የሠራውን ይከሳል። ልጁን አስቀምጡና አናግሩት። ይህን ርዕስ ለምን መረጥክ? መጠይቁን ለማን ሰጠህ? ያልጠበቅከው መልስ የትኛው ነበር? ገጽ 14 ላይ ያለውን ሠንጠረዥ እስቲ አስረዳኝ። ሩብ ሰዓት ይበቃል። የሠራ ሰው የተንገላታበትን ያስታውሳል። እስካሁን ግን ዲፌንስ ላይ የማየው ፈታኞች ግማሹን ሰዓት በማርጅን ስፋትና በፎንት ሲጨርሱት ነው። ፎንቱን እኮ ጸሐፊዋ ታስተካክለዋለች።

መናገርንም እንዲሁ ነው ያባከንነው። ስፖክን ኢንግሊሽ የሚባል ኮርስ በወረቀት ሲፈተን አይቻለሁ፤ «የንግግር ዓይነቶችን ዘርዝሩ» ተብሎ። ይህ መንጃ ፈቃድን መሪ ሳያስይዙ በምርጫ ጥያቄ ብቻ እንደ መስጠት ነው። ሰዓት የለም የሚለውን ምክንያት አውቀዋለሁ። ግን ሁሉም ስልክ አለው። በሴሚስተሩ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ተናግሮ በቴሌግራም ይላክላችሁ፣ መጨረሻ ላይም እንደገና። ኔትወርክ እምቢ ካለ ከስልክ ወደ ስልክ አስተላልፉት። ሁለቱን ድምፅ አከታትላችሁ ለራሱ ለተማሪው አሰሙት። እዚያ ላይ የናንተ ነጥብ ብዙም አያስፈልገውም።

የመውጫ ፈተናውን ዘለልከው እንዳትሉኝ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ተሰጠ። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። ያኔ ከተፈተኑት 150 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት 40 ከመቶ ትንሽ ቢበልጡ ነው። ከመንግሥት ተቋማት 62 ከመቶ ያህሉ፣ ከግሎቹ 17 ከመቶ ያህሉ። አገር ጉድ አለ። እኔ ፈተናውን ከሚጠሉት ወገን አይደለሁም። ግሬድ እንደ ቆሎ ሲዘገንባቸው የነበሩ ቦታዎች ነበሩ፤ አንድ የውጭ ዓይን መኖሩ ጥሩ ነው። ግን ለእንግሊዝኛ ዲግሪ ምን ይለካል? በኮምፒዩተር የሚሰጥ የምርጫ ፈተና ነው። የሥነ ልሳን ቃላትን ታውቃለህ ወይ፣ ምንባብ አንብበህ ትረዳለህ ወይ፣ የተሳሳተውን ዓረፍተ ነገር ትለያለህ ወይ ብሎ በደንብ ሊጠይቅ ይችላል። ጻፍልኝ አይልም። ተናገር አይልም። ልጃችን ደግሞ የሚቀጠረው ለመጻፍና ለመናገር ነው፤ ክፍል ውስጥ፣ ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ፣ ሚዲያ ውስጥ።

የምፈራው የፈተናው ውጤት ዲፓርትመንቱን ሙሉ በሙሉ እንዳይወስደው ነው። የመጨረሻው ሴሚስተር የቱቶሪያልና የድሮ ጥያቄ መሥሪያ ሲሆን እያየን ነው። እናንተ ወጣቶች «ማለፊያ ምጣኔያችን ስንት ነው?» በሚለው ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡና «ያለፉት ልጆች አንድ ገጽ ይጽፋሉ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ ላይ ዝም ይባላል፣ ጠይቁ ግን።

ጥራት አረጋጋጮች፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ይሁኑ ከራሳችሁ ግቢ፣ ሲመጡ ሰነድ ይፈልጋሉ። በጉብኝቱ ዋዜማ ሌሊት የሦስት ዓመት ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ ታያላችሁ። ከዚያ ሩጫ ራቁ። በዓመት አንድ ጥያቄ ብቻ ያዙ፤ ዘንድሮ ምንጭ መጥቀስ፣ ለከርሞ ያላዩትን ምንባብ ማንበብ። ሁሉንም ወረቀት አትዩ፤ 20 ወረቀት በዕጣ አውጡ። ያገኛችሁትን በሁለት ገጽ ጽፋችሁ አንድ ነገር ቀይሩ፤ አንድ አሳይመንት፣ አንድ የፈተና ክፍል። በዓመቱ ተመልሳችሁ እዩት። ካልተሻሻለ አልተሻሻለም ብላችሁ ጻፉ።

ደግሞ በግኝቱ ማንንም አታስመቱ። የእከሌ ክፍል ነው ደካማ ተብሎ አንዴ በስብሰባ ከተነበበ፣ በሚቀጥለው ዓመት ማንም ወረቀት አያወጣላችሁም። የተማሪውንም የመምህሩንም ስም ቀድማችሁ ከወረቀቱ ላይ አጥፉ። የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ስም ካልሰጣችሁኝ ቢል ስጡት አልልም፤ በትሕትና እምቢ በሉት።

የፊታችን መስከረም ተማሪዎቹ ሲገቡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ገጽ አስጽፏቸው። ስለ ምንም ይሁን፣ ክፍል ውስጥ፣ በእጃቸው። አታርሙት፣ ነጥብም አትስጡት። ቀኑን ጽፋችሁ ካርቶን ውስጥ ክተቱትና ዲፓርትመንቱ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ሲመረቁ ታወጡታላችሁ። ቁልፉን ግን ለሁለት ሰው ስጡ። ባንድ መምህር እጅ ብቻ ከሆነ፣ ፒኤችዲ አግኝቶ ሲሄድ ቁልፉንም ይዞት ይሄዳል።