የኦሪዮን ኔቡላ መሃሉ ነጭ ሆኖ ለቀረበት ጠያቂ

ሰላም ወንድሜ። እያንዳንዱን ፎቶ በ120 ሰከንድ ያነሳኸው የኦሪዮን ኔቡላ (በጠፈር ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) መሃሉ ለምን ነጭ እንደሆነ፣ ግራጫዎቹ ቀለበቶችስ ከየት እንደመጡ ጠይቀሃል። ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

የመሃሉ ጥፋት የኤዲቲንግ አይደለም። ትራፔዝየም የሚባሉት ደማቅ ኮከቦች ዙሪያቸው ያለውን ጋዝ በጣም ስለሚያደምቁት በ120 ሰከንድ ሴንሰሩ (የካሜራው ብርሃን ተቀባይ) ከአቅሙ በላይ ይሞላል፤ አንዴ የሞላ ፒክስል ደግሞ በምንም ሶፍትዌር አይመለስም። በዚያው አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ትብነት መጠን) 30 ያህል ባለ 5 ሰከንድ ፎቶ፣ 30 ያህል ደግሞ ባለ 30 ሰከንድ ጨምር። እያንዳንዱን ምድብ በሲሪል (የሰማይ ፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር) ለብቻው ስታክ አድርግ፣ ማለትም ፎቶዎቹን ወደ አንድ አዋህድ፤ ከዚያ በጊምፕ (የፎቶ ማስተካከያ ሶፍትዌር) አጭሩን ረጅሙ ላይ ደርበህ በሌየር ማስክ (የተደረበውን ፎቶ ከፊሉን የሚደብቅ መሸፈኛ) መሃሉን ብቻ አሳይ። የማስኩን ጠርዝ በደንብ አደብዝዘው፣ አለዚያ የተለጠፈ ይመስላል።

ቀለበቶቹ ሴንሰሩ አጠገብ ያረፈ አቧራ ጥላ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ፍላት ነው፤ ይህም ሶፍትዌሩ ጥላዎቹን እንዲያስወግድ ወጥ በሆነ ብርሃን የሚነሳ የማስተካከያ ፎቶ ነው። ካሜራውን ሳትነቅል፣ ፎከሱንም ሳትነካ የቴሌስኮፑን አፍ በነጭ ቲሸርት ሸፍን። ጨርቁ እንዳይሸበሸብ ወጥረህ በላስቲክ እሰረው፤ ነጭ የታብሌት ስክሪን አስጠጋበትና ሂስቶግራሙ (ካሜራው የሚያሳየው የብርሃን ስርጭት ግራፍ) መሃል ላይ እንዲያርፍ አድርገህ 30 ፍሬም አንሳ። ሹተሩ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) በጣም ካጠረ የስክሪኑ ብልጭታ መስመር ያወጣል፤ ብርሃኑን ቀንሰህ ሹተሩን አስረዝም። ካሜራውን ትንሽ እንኳ ካዞርከው ግን ከካሜራው ፊት ባሉት መስታወቶች ላይ ያለው አቧራ ጥላ ሴንሰሩ ላይ ቦታ ስለሚለውጥ ፍላቱ ጭራሽ አዲስ ቀለበት ሊጨምርብህ ይችላል። ለዚህ ነው ፍላት እዚያው ሌሊት፣ ዕቃው ሳይፈታ የሚነሳው።