የነርቭ ሽፋን ጉዳት ሁሉ «ኤምኤስ» አይደለም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ31 ዓመት መምህርት ስሆን የምኖረው ጅማ ነው። አምና የቀኝ ዓይኔን ሳንቀሳቅሰው እያመመኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደበዘዘብኝ፤ እስካሁንም በደንብ አላየሁበትም። ቆይቶ ስቅታና ትውከት አልቆም ብሎኝ የጨጓራ መድኃኒት ስወስድ ከረምኩ። አሁን ደግሞ ከደረቴ በታች ደነዘዘኝ፣ ሽንቴም እምቢ እያለኝ ነው። ኤምአርአዩ ጭንቅላቴ ላይ ምንም አላሳየም፤ ኅብለ ሰረሰሬ ላይ ግን አራት አንጓ የሚያህል «የነርቭ ሽፋን ጉዳት» አለ ይላል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «ኤምኤስ ነው፣ መድኃኒቱን ልላክልሽ» ይለኛል። ልጀምረው?

መልስ፦ አይጀምሩት። ከሁሉ በፊት ግን ሽንት እምቢ ማለቱ ቀጠሮ የሚጠበቅለት ነገር ስላልሆነ፣ ዛሬውኑ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

የነርቭ ክሮቻችን፣ ሽቦ ፕላስቲክ እንደሚለብስ ሁሉ፣ ማየሊን የተባለ ቅባታማ ሽፋን አላቸው። የሰውነት መከላከያ ይህን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው መልእክቱ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል። ከእነዚህ ሕመሞች ስሙ የገነነው መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤምኤስ) ነው፤ ይሁንና ይህ ሕመም ከምድር ወገብ ርቀው ባሉ አገሮች የሚበዛ ሲሆን፣ የእርስዎ ታሪክ ይበልጥ የሚመስለው በተለይ የዓይን ነርቭንና ኅብለ ሰረሰርን የሚያጠቃውን፣ ኒውሮማየላይቲስ ኦፕቲካ የተባለውን ነው። በዚህኛው የጥቃቱ ዒላማ የነርቭ ደጋፊ ሕዋሳት ላይ የሚገኘው አኳፖሪን-4 የተባለ የውኃ መተላለፊያ ሲሆን፣ ማየሊኑ የሚፈርሰው ያንን ተከትሎ ነው። ይህን መተላለፊያ የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል (የሰውነት መከላከያ የሚያመርተው ፕሮቲን) በ2004 እ.ኤ.አ. እስኪገኝ ድረስ ብዙ ሐኪሞች የኤምኤስ አንዱ መልክ አድርገው ያዩት ነበር።

በተለይ ትኩረቴን የሳበው ስቅታዎ ነው። ትውከትን የሚቆጣጠረው የአንጎል ግንድ ክፍል በዚህ ሕመም ስለሚጠቃ፣ ለቀናት የማይበርድ ስቅታና ማስታወክ ከታወቁት ምልክቶቹ አንዱ ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሁሉ ነገር በጨጓራ ይመካኛል። የኅብለ ሰረሰር ቁስሉ ርዝመትም ወደዚያው ያመለክታል፤ የኤምኤስ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንጓ ያነሰ ሲሆን፣ የዚህኛው ሦስትና ከዚያ በላይ ይደርሳል።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ኢንተርፌሮን ቤታ፣ ፊንጎሊሞድና ናታሊዙማብን የመሳሰሉ የኤምኤስ መድኃኒቶች ይህኛውን ሕመም ሊያባብሱት ይችላሉ። ስለዚህ ወንድምዎ መርዳት ከፈለገ፣ መድኃኒት ከመላክ ይልቅ የአኳፖሪን-4 የደም ምርመራውን ወጪ ቢችልልዎ ይሻላል። ውጤቱ ነጌቲቭ ከሆነ ሞግ የተባለውን የማየሊን ፕሮቲን የሚያጠቃውን ፀረ እንግዳ አካል መመርመር ያስፈልጋል፤ የአከርካሪ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም መጣራት አለባቸው።

ኢንፌክሽን አለመኖሩ ከተረጋገጠ፣ ሐኪሞችዎ የደም ውጤቱን ሳይጠብቁ በቀን 1 ግራም ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ በደም ሥር ከ3 እስከ 5 ቀን ሊሰጡዎ ይችላሉ። ምርመራው ካረጋገጠው ደግሞ ጥቃቱ እንዳይመለስ የሰውነት መከላከያን የሚገቱት አዛታዮፕሪን ወይም ሪቱክሲማብ ይታዘዛል። አዛታዮፕሪን ጉልበት እስኪያገኝ ወራት ስለሚወስድ ጎን ለጎን የፕሬድኒሶሎን ኪኒን ይሰጣል፤ ፊትዎ ስላበጠ ወይም ደኅና ስለሆኑ ብለው ይህን ኪኒን በድንገት እንዳያቋርጡት፣ መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው የነርቭ ሐኪምዎ ነው።